የምድር ጆሮ ወዴት ይቀመጥ?

በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ምድር ለወራት ስትናወጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ወጥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕዝቡ የሚጠይቀው ግልጽ ነው፤ መነሻው የት ነው? ጥልቀቱስ? ወዴትስ እየሄደ ነው? ቋሚዎቹ ጣቢያዎች ርቀው ስለሚገኙ፣ መልሱን ለማግኘት ተንቀሳቃሽ መመዝገቢያዎችን ጭኖ ወደ ስፍራው መሄድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያው የት ይተከል የሚል ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ከመንቀጥቀጡ የሚነሣው ፈጣኑ ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ተከታዩ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ርቀት ያመለክታል፤ 10 ሰከንድ ቢሆን 80 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንድ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን አጥርቶ አይነግረንም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጣቢያዎች፣ ያውም ስፍራውን ከብበው መቆም አለባቸው። ሁሉንም በአስፋልቱ ዳር መደርደር ለመኪናው ይመች ይሆናል፤ ለስሌቱ ግን አይበጅም። ጥልቀቱን ለማወቅም ቢያንስ አንዱ ከመነሻው በላይ ወይም በጣም አጠገቡ መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር መሬቱ ነው። ከሁሉ የሚመረጠው ከሥሩ ያልተነቀለ አለት ነው። ነገር ግን ከላይ የታየ ቋጥኝ ሁሉ አለት አይደለም፤ ተንከባሎ የመጣ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሣሪያውንም ያዘነብለዋል። ጎርፍ የሚተኛበት ረባዳ ስፍራም መወገድ አለበት።

ሦስተኛው ጫጫታ ነው። የእህል ወፍጮ፣ የጭነት መኪና መንገድ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሁሉ መሬቱን ያንቀጠቅጣሉ። ባሕር ዛፍም ነፋስ ሲያወዛውዘው ሥሩ መሬቱን ይነቀንቃል። የውቅያኖስ ማዕበል የሚፈጥረው ንዝረት ግን መሐል አገር ድረስ ስለሚዘልቅ ማምለጫ የለውም። መሣሪያውን ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ከነፋስና ከቀን ሙቀት ይጠብቀዋል፤ የፀሐይ ብርሃን መቀበያው ግን ጥላ በማይደርስበት መቆም አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው ነው። ጸጥ ያለው ኮረብታ ጠባቂ የለውም፤ ጠባቂ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ጸጥታ የለውም። መሣሪያው ከተሰረቀ ወይም ገመዱ ከተቆረጠ ጸጥታው ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚበጀው ከግቢው ሳይወጡ፣ ከሕንፃውና ከመጫወቻ ሜዳው ርቆ ያለውን ጥግ መምረጥ ነው። ባለመሬቱን ማስፈቀድ፣ ለአገር ሽማግሌዎችም የሣጥኑን ጥቅም በቋንቋቸው ማስረዳት ከአጥር ይበልጣል። የሚጠናው የእነርሱው ቤት የቆመበት ምድር ነውና።

በመጨረሻም፣ ከመትከል በፊት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መዝግቦ የሁለቱን ጫጫታ ማመዛዘን ይገባል። በዚህ የሚጠፋው ጊዜ ብዙ አይደለም። ያመለጠ መንቀጥቀጥ ግን ተመልሶ አይመዘገብም፤ ለመስክ ጥናት የምንወጣ ተማሪዎችም ይህን ልብ ልንለው ይገባል።