መልሱን እያወቁ ዝም ማለት

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ቻርፓክ እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ያገኙት የጥቃቅን ቅንጣቶችን ዱካ የሚከታተል መሣሪያ ስለፈለሰፉ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ቀልባቸውን የሳበው ሌላ ነገር ሆነ። ሌላው የኖቤል ተሸላሚ ሊዮን ሌደርማን በቺካጎ ድሃ ሰፈሮች ልጆች ሳይንስን በእጃቸው እየሞከሩ እንዲማሩ ሲያደርጉ ሄደው አዩ። አገራቸው ተመልሰውም ከሳይንቲስቶቹ ከፒየር ሌና እና ከኢቭ ኬሬ ጋር በሳይንስ አካዳሚው ድጋፍ «ላ ማን አ ላ ፓት» የተባለውን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1996 ጀመሩ።

ትምህርቱ ከጥያቄ ይነሣል። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች አፍ ለአፍ ይገጠሙና በተበሳ ክዳን በኩል አሸዋ ይወርዳል። አሸዋው ቶሎ እንዳያልቅ ምን ይደረግ? አንዱ አሸዋ ይጨመር ይላል፤ ሌላዋ ቀዳዳው ይጥበብ ትላለች፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ባንዴ ይቀይርና ጊዜው ሲረዝምለት ይፈነድቃል። «ያረዘመው የትኛው ነው?» ሲሉት ግን መልስ ያጣል። አንዱን ብቻ እየቀየሩ ሌላውን እንዳለ መተው የሚባለው ደንብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ የሚገባው ግን እንዲህ ሲቸገሩ ነው።

እንዲህ ለማስተማር ችግሩ መምህሩ ዘንድ ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህር ሁሉንም ትምህርት ስለሚያስተምር ብዙውን ጊዜ ሳይንስን በጥልቀት አላጠናም፤ ያልጠበቀው ጥያቄ ቢመጣ ያስፈራዋል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መሐንዲሶችና ተመራማሪዎች በበጎ ፈቃድ አብረውት ክፍል መግባት ጀመሩ። ክፍሉ የመምህሩ ነው፤ እንግዳው ንግግር አያደርግም፣ መልስም አይሰጥም። ለመሐንዲስ ከዚህ የከበደ ሥራ ያለ አይመስልም።

በዚያው መርሐ ግብር የተለያዩ አገሮች ተማሪዎች የቀትር ጥላ ለክተው ይለዋወጣሉ። ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ በግብፅ እንዳደረገው የምድርን ዙሪያ ያሰላሉ። ለዚህ ኢትዮጵያ ትመቻለች። መጋቢት 11 ቀን ገደማ የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ በቀትር አዲስ አበባ ላይ 16፣ መቀሌ ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ልጆቹ ይህንን በልኬት ሥለው በፕሮትራክተር ሲለኩት 9 እና 13.5 ዲግሪ ያገኛሉ። ልዩነቱ 4.5 ዲግሪ፣ በከተሞቹ መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 360 ለ4.5 ሲካፈል 80፣ በ500 ሲባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር።

ለዚህ አንድ የምሕንድስና ተማሪ ወይም ቀያሽ ቱንቢ ይዞ ቢመጣ ይበቃል፤ እንጨቱ ዘንበል ካለ ሁሉም ይበላሻል። የእጅ ሰዓትም ያሳስታል፦ በዚያ ቀን አዲስ አበባ ላይ ጥላው እጅግ የሚያጥረው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልጆቹ በየጥቂት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት እያደረጉ አጭሩን መፈለግ አለባቸው። አንዱ ከተማ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከሳተ የምድር ዙሪያ ከ4,000 እስከ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዛነፋል፤ ያኔ ማን እንደሳተ ለማወቅ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች መደዋወላቸው አይቀርም።