ለእንግዳ ተማሪ የመጀመሪያው ስንቅ

ሰው ለትምህርት ከአገሩ ሲወጣ ልብሱንና መጽሐፉን ይይዛል እንጂ ጎረቤቱን ተሸክሞ አይሄድም። ቋንቋውንም ቢይዝ የሚሰማለት አያገኝም። ስለዚህ ለእንግዳ ተማሪ ከመኝታና ከምግብ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ስንቅ የአገሩ ቋንቋ ነው።

ይህ ነገር ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ክራፕፍና ኢዘንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ወደ ሸዋ መጥተው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ኢዘንበርግ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ ሰዋስው አሳተመ። ክራፕፍ እስከ 1842 በሸዋ ቆይቶ ኦሮምኛን አጠና፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በ1841 አንኮበር በደረሰ ጊዜም አስተርጓሚ ሆነ። በኋላ ወደ ሞምባሳ ሄዶ በ1850 የስዋሂሊን ሰዋስው አሳተመ። የአገሩ ሰው ታግሦ ባያስረዳቸው ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱም ባልተደረገ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው ተለወጠና ከኬንያ ተማሪዎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በ1958 መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥቶ ስለ ነበር ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎች አዲስ አበባ ገቡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ተምረው በ1962 ተመርቀዋል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ገበያው፣ ሻይ ቤቱና ሰላምታው በአማርኛ ነበር።

በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ነገሩ ይኸው ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው ብቻ ሳይሆን፣ በቤቱ አማርኛ ያልተናገረ የአገራችን ልጅም በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ነው። ታዲያ ምን እናድርግለት?

አንደኛ፣ ብርዱን እንንገረው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋ የተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ያለ ጋቢ አታሳድርም።

ሁለተኛ፣ ሰዓታችንን እናስረዳው። «በሦስት ሰዓት ና» ስንለው እኛ ከጠዋቱ ዘጠኝን ማለታችን እንደ ሆነ ካልነገርነው፣ ከቀጠሮው ቀርቶ ሰነፍ ይባላል።

ሦስተኛ፣ 231ዱን ፊደል በአንድ ቀን አንጫንበት። አስቀድሞ ጆሮው ይልመድ። «ጓደኛዬ መጣ» ሊል ፈልጎ «ጓደኛዬ መታ» ቢል አንሣቅበት፤ ጠ እና ተ በብዙ ቋንቋዎች አይለዩምና። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ግን ይገኛል ማለት መሆኑንም ቀስ ብለን እናሰማው። በቀን ግማሽ ሰዓት የሚያነጋግረው አንድ ታጋሽ ጓደኛ ለዚህ ይበቃዋል።

አራተኛ፣ የእርሱንም ሰላምታ እንማር። እንግዳ ራሱም አስተማሪ ሲሆን አንገቱን ቀና ያደርጋል።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንትም ድርሻ አላችሁ። የመታወቂያ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ይዞ የቀረበውን ተማሪ «ነገ ተመለስ» ከማለት በፊት ቃሉን ገባው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ያልገባው ሰው ነገም ቢመለስ ያው ነውና።

በዕረፍት ቀንም እንግዳውን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ይዞ መውጣት መልካም ነው። ከእርሱ በፊት የመጡ እንግዶች በዚያ ተራራ ላይ ቃል በቃል ሲማሩ እንደ ነበር ቢሰማ፣ የእርሱም ድካም ፍሬ እንደሚኖረው ይረዳል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒቱ ግን ካልተነጋገሩ አይገኝም።