የሠርጉ ቪዲዮ የት ያድራል?

ሐረር ውስጥ ስሙን ከማሽን ድምፅ የወሰደ መንገድ አለ፤ መኪና ግርግር ይሉታል። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ጀጎል ውስጥ የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ የጨርቅ ሱቅ ሲሆን በየደጃፉ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ይዞ ይቀመጣል። ደንበኛ ጨርቁን ገዝቶ፣ ልኩን ሰጥቶ፣ ገበያውን ዞር ዞር ብሎ ሲመለስ ልብሱ ደርሶ ይጠብቀዋል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ሰፊው የሚያስፈልገው ቦታ የአንዲት ጠረጴዛ ስፋት ነው። ቦታ በጀጎል ውድ ነውና። በግንብ የታጠረው ይህ አሮጌ ከተማ 48 ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ላይ መኖሪያ ቤቶቹን ሳይጨምር 82 መስጊዶችና 102 የዐውልያ መቃብሮች ሰፍረውበታል።

የቪዲዮ ኤዲተር ሥራም ከልብስ ሰፊው ብዙ አይርቅም። ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ይዘመዝማል። ለዓመታት ይህን ሲሠራ የኖረው ግን ከጠረጴዛ ሥር ቦታ በሚያጣብብ፣ አገሬው «ሲፒዩ» እያለ በሚጠራው ትልቅ የብረት ሣጥን ነበር። አቅም ያነሰው ላፕቶፑን እስኪግል ድረስ ያሠራል። አሁን ግን ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ መጠኑ ከሙዳይ የማይበልጥ፣ ጉልበቱ ግን ከብዙዎቹ ትልልቅ ሣጥኖች የማያንስ ትንሽ ዴስክቶፕ።

የዚህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ታዋቂው ማክ ሚኒ ነው። አፕል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በጥር 2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዋጋው 499 ዶላር ነበር፤ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን ገዢው ራሱ ያሟላል። ለረጅም ጊዜ ደብዳቤ ለመጻፍና ኢንተርኔት ለማየት የሚሆን ደካማ ማሽን ተደርጎ ይታይ ነበር። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ኤም 1 የተባለው የአፕል የራሱ ቺፕ ሲገባበት ይህ አስተያየት ተለወጠ። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው ባለ ኤም 4 ደግሞ መጠኑ ራሱ ቀነሰ፤ ጎኑ 12.7 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ700 ግራም በታች። በላፕቶፕ ገመድ ላይ የሚንጠለጠለው ከባድ ቻርጀር እንኳ የለውም፤ ኃይል መቀየሪያው ከሣጥኑ ውስጥ ነው። ማብሪያው ከሥሩ ስለተደበቀ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው አገላብጦ ይፈልገዋል።

ትንሽ ሆኖ እንዴት ቪዲዮ ይችላል? መልሱ ካሜራው ቪዲዮን በሚያስቀምጥበት መንገድ ውስጥ ነው። ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ይይዝና ከዚያ በኋላ ለሚመጡት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፤ ሙሽራዋ እጇን ስታነሣ እጇን እንጂ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ደግሞ አይጽፍም። በዚህ መንገድ ፋይሉ ያንሳል፤ ሸክሙ ግን ወደ ኤዲተሩ ኮምፒውተር ይዞራል። ኤዲተሩ አንዲት ቅጽበት ላይ በቆመ ቁጥር ማሽኑ የጎደለውን ሁሉ መልሶ መገጣጠም አለበት። የቆየ ኮምፒውተር ይህን በዋናው አንጎሉ ሲሠራ ምስሉ ይንገታገታል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። አዲሶቹ ቺፖች ግን ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ክፍል አላቸው። በኢንቴል ቺፖች ላይ ይህ ክፍል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በኤም 4 ላይ ደግሞ ኤች 264፣ ኤች ኢ ቪ ሲ እና ፕሮሬስ የተባሉትን የቪዲዮ ፎርማቶች በቀጥታ ይፈታል። ስለዚህ ኤዲተር ኮምፒውተር ሲመርጥ ስንት ጊጋኸርዝ ነው ከማለቱ በፊት የካሜራውን ፎርማት ይፈታል ወይ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሐረር ደግሞ ለማሽን የማይራራ ቀረጻ አላት። ከግንቡ ውጪ በፈላና በር አካባቢ ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ የሚቀርጽ ሰው ብርሃኑ የመኪና መብራት ወይም የእጅ ባትሪ ነው። በዚያ ጨለማ ካሜራው ብርሃን ለመሳብ ሲታገል ምስሉ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ያን ማጽዳት ከኤዲቲንግ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር እያስተያየ እህሉን ከገለባው ይለያል። የፕሮግራሙም ነገር ይታሰብበት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻ የሚገኝና ሙሉ ሥራ የሚያሠራ ቢሆንም፣ ይህን የማጽዳት አገልግሎት የሚሰጠው 295 ዶላር በሚከፈልበት ስሪቱ ነው። ሠርግ ብቻ ለሚሠራ ነጻው ይበቃዋል።

ዋጋው ላይ እንምጣ። ባለ ኤም 4ቱ ማክ ሚኒ ሲወጣ መነሻው 599 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ፣ ያ ዋጋ 34 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ግን ከ77 ሺህ አለፈ፤ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ገና ሳይደመር። ለዚህ ነው ሌላኛው መንገድ መታየት ያለበት። ሌኖቮ «ታይኒ»፣ ዴል «ማይክሮ»፣ ኤች ፒ «ሚኒ» እያሉ የሚሸጧቸው፣ ይዘታቸው አንድ ሊትር ያህል የሆኑ ኮምፒውተሮች አሉ። የተሠሩት ለውጭ አገር ቢሮዎች ነው፤ ቢሮዎቹ በየጥቂት ዓመቱ ሲለውጧቸው ያገለገሉት በርካሽ ገበያ ላይ ይወጣሉ። በፍጥነት ማክ ሚኒውን አይደርሱበትም። አንድ ትልቅ ነገር ግን አላቸው፤ ክዳናቸው ተከፍቶ ሚሞሪም ዲስክም ይጨመርባቸዋል። የማክ ሚኒው ሚሞሪ ከቺፑ ጋር አብሮ የተሠራ በመሆኑ 16 ጊጋባይት የገዛ ሰው እስከ መጨረሻው በ16 ይኖራል። መለዋወጫ ፍለጋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ድሬዳዋ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ መሄድ ለሚኖርበት ባለሙያ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ማሽኑ የት ይቀመጥ? የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ያለው፣ ውስጡ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ያሉት ቤት ነው። ግድግዳው ውስጥ ለመጽሐፍና ለዕቃ ተብለው የተበጁ ጓዳ መሰል ማስቀመጫዎች አሉ፤ ባለ አምስት ሴንቲ ሜትሩ ሣጥን ደግሞ ልክ ለእነሱ የተሠራ ይመስላል። ለዓይን ያማረ ቦታ ግን ለማሽን ላይመች ይችላል። ማክ ሚኒ አየር የሚስበውም የሚያስወጣውም ከሥሩ ነው። ሁለት ጎኑና ጀርባው ግንብ በሆነ ቦታ ሲቀመጥ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። በጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ፣ አቧራውን በየሳምንቱ እየጠረጉ ማሠራት ይሻላል። ወፍራሙ ግንብ ክፍሉን ቀን ቀዝቃዛ ማድረጉ ለኤዲተሩም ለማሽኑም በቂ ስጦታ ነው።

መብራት የጠፋ ጊዜ ደግሞ የትንሹ ኮምፒውተር ጥቅም ይበልጥ ይጎላል። ሱቅ ላይ የሚሸጠው የተለመደው ባለ 650 ቮልት-አምፒር ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፒር-ሰዓት ነው፤ በስሌት 84 ዋት-ሰዓት፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ትልቁ ሣጥን ሬንደር ሲያደርግ ከ300 ዋት በላይ ሊፈልግ ስለሚችል ዩፒኤሱ የሚያቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፋይሉን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ያህል። ባለ ኤም 4ቱ ሚኒ ሥራ ሲፈታ 4 ዋት፣ እስከ ጥግ ሲሠራ 65 ዋት ነው የሚበላው። ከአነስተኛ ስክሪን ጋር በአማካይ ሥራ ላይ ካለ፣ ጤነኛ ባትሪ ያለው ያው ዩፒኤስ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ለሰኞ የተቀጠረ የሠርግ ቪዲዮ እሑድ ማታ ኤክስፖርት ሲደረግ ያ ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ማከማቻው። አንድ ዘመናዊ ካሜራ በፎር ኬ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀርጽ ከአንድ ሠርግ ብቻ 540 ጊጋባይት ይወጣል። የመነሻው ባለ ኤም 4 ማክ ሚኒ ያለው ቦታ 256 ጊጋባይት ነው፤ ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ቀረጻ ቢይዝ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ኮምፒውተሩን ገዝቶ ገንዘቡን ይጨርሳል። ባጀቱ ሲያዝ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ አብሮ መያዝ አለበት። አንዱ ኤስ ኤስ ዲ ነው፤ ኤዲት የሚደረገው ከእሱ ላይ ነው፣ ፈጣን ነውና። ሌላው በርካሽ ብዙ ቴራባይት የሚገኝበት ባለ ሽክርክሪት ሃርድ ዲስክ፣ ላለቀው ሥራ ማስቀመጫ። ኤስ ኤስ ዲን ለማስቀመጫ ብሎ ለዓመታት ሳይሰኩ መሳቢያ ውስጥ መተው ተገቢ አይደለም፤ መረጃውን የሚይዘው የኤሌክትሪክ ቻርጅ በጊዜ ብዛት ይንጠፈጠፋል።

ሐረር የምስል መጥፋትን ከጥንት ታውቀዋለች። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከ1880ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እዚህ ሲነግድ ካሜራ አስመጥቶ ነበር፤ በ1883 እ.ኤ.አ. ከሐረር ለቤተሰቡ ፎቶግራፎች ልኳል። ምስሎቹ የነጡት ለማጠብ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑንም ጽፎላቸዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው የቪ ኤች ኤስ ካሴት ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚሞተው። ክሩ ላይ ያለው ማግኔት ይደክማል፤ ማጫወቻውም ይጠፋል። የመጨረሻው የማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የሠርግ ካሴቶች ማጫወቻ ሳይጠፋ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለባቸው፤ ይህ ለአንድ ስቱዲዮ ጥሩ የሥራ መስክም ነው።

የማስቀመጥን ዋጋ በተግባር ያሳዩ ሰው ደግሞ እዚያው ጀጎል ውስጥ አሉ። አብዱላሂ ሸሪፍ የሰበሰቡትን ቅርስ በ1998 እ.ኤ.አ. በገዛ ቤታቸው ለሕዝብ ከፈቱ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ስብስቡ ራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሕንፃ ገባ። ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች ከመሰብሰባቸውም በላይ የጥንት የሐረሪ ዘፈኖች ቅጂዎችን ጭምር አኑረዋል። ድምፅም ቅርስ ነው ብለው ስላመኑ ነው ያ ሁሉ የተረፈው። ዛሬ ተመሳሳይ ሥራ ቪዲዮ አንሺው እጅ ላይ ነው። ከሸዋል ስድስት ቀን ጾም በኋላ የሚከበረው ሹዋሊድ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የዚክሪው ዜማ፣ ከረቡ የተባለው ከበሮ ምት፣ የሴቶቹ ልብስ በየዓመቱ ይቀረጻል። ቀረጻው ለቲክቶክ ተቆራርጦ ዋናው ፋይል ለሚቀጥለው ሥራ ቦታ እንዲለቅ ከተሰረዘ ግን ለልጅ ልጅ የሚደርሰው የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ብቻ ነው።

ከዊንዶውስ ወደ ማክ የሚሸጋገር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አሮጌዎቹ ሃርድ ዲስኮች ኤን ቲ ኤፍ ኤስ በሚባለው ፎርማት የተሠሩ ከሆነ ማኩ ያነባቸዋል እንጂ አይጽፍባቸውም። ደንግጦ «ፎርማት» የሚለውን የተጫነ ሰው የዓመታት ሥራውን ያጣል። መጀመሪያ ይገልብጥ፣ ቅጂው መከፈቱን ያረጋግጥ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፎርማት ማድረግ ያለበት። ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። በአሮጌው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ የሙሽሮች ስም አዲሱ ማሽን ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል፤ በዩኒኮድ እንደገና ተጽፎ ነው የሚስተካከለው። ማክ «ከፋ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ነው የሚመጣው።

የቅጂው ብዛትስ? ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮ ያስለመደው ልማድ ለሐረር ስቱዲዮም ይሠራል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ሁለቱ ስቱዲዮው ውስጥ ይቀራሉ። ከቤት ውጪ የሚያድረውን ሦስተኛውን የሚይዝ ከሙሽሮቹ ቤተሰብ የተሻለ ሰው አይገኝም። ኤዲተሩ ኤክስኤፍኤቲ በተባለው፣ ማክም ዊንዶውስም በሚጽፍበት ፎርማት ዲስኩን ያዘጋጃል፤ ያለቀውን ቪዲዮ ብቻ ሳይሆን ያልተቆረጠውን ቀረጻም ይገለብጥበታል። በማርከር የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑን በኢትዮጵያም በሒጅራም አቆጣጠር ይጽፍበታል። ከዚያም ቤተሰቡ ፊት ሰክቶ አንዱን ክፍል ከመሐል ከፍቶ ያሳያቸዋል፤ እናትየው ልጃቸው ከቤት ስትወጣ የተቀረጸውን እንዲያመጣላቸው ይጠይቁታል፣ እሱም ፈልጎ ያመጣዋል።