መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ

ሽማግሌ ሲረሳ «ጃጅቷልና ተዉት» ማለት በየቤታችን የተለመደ ነው። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ሰውን የልጁን ስም አያስረሳውም። አሎይስ አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. በፍራንክፉርት አውጉስተ ዴተር የምትባል አንዲት በሽተኛ መርምሮ ነበረ፤ ዕድሜዋ ገና 51 ነበረ። በ1906 በሞተች ጊዜ አንጎልዋን ቢመረምር ጉዳት አገኘበት፤ በ1910ም በሽታው በእርሱ ስም ተጠራ።

ሐኪም የአንጎልን ጉዳት ሲያሳየን፥ በሽተኛው ዓለምን እንዴት እንደሚያያት የሚያሳዩን ደራስያን ናቸው። የአንጎል ነገር ሊቅ የሆነችው ሊሳ ጄኖቫ በ2007 ባሳተመችው ልብ ወለድ፥ አሊስ የተባለች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ዘወትር በምትመላለስበት አደባባይ ቆማ ወደ ቤትዋ የሚወስደው መንገድ ይጠፋባታል። ኤማ ሂሊም በ2014 ባወጣችው መጽሐፍ፥ ሞድ የምትባል ባልቴት ጠፋች የምትላትን ወዳጅዋን ያለ ዕረፍት ትፈልጋለች። ቤተ ዘመዶችዋ ከንቱ ልፍለፋ ይሉታል፤ ከፍለጋው በስተኋላ ያለው ግን በወጣትነትዋ ዘመን የጠፋችባት እኅትዋ ኀዘን ነው።

ይህ ነገር ወደ አገራችን ቢመለስ ምን ይመስላል? ሆሣዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበረ። በዚያች ከተማ ወይም በዱራሜ የሚኖር አንድ ሽማግሌ በዚህ በሽታ ቢያዝ፥ አስቀድሞ የሚጠፋው የትናንቱ ነገር ነው፤ የልጅነቱ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ከራሱ ደጅ ቆሞ የዋቸሞን መንገድ ቢጠይቅ፥ የአባቱን ቤትና የእንሰቱን ጓሮ ቢፈልግ አያስደንቅም። በኋላ የተማረው አማርኛም ጠፍቶበት በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ብቻ ሊናገር ይችላል። በከተማ ያደጉት ልጆቹ ያን ቋንቋ ባያውቁ፥ ትርጉም ያለው ቃሉ ልፍለፋ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ የአንዳንድ ሰው መርሳት ከቪታሚን ማነስ፥ ከእንቅርት እጢ ሕመም ወይም ከሚወስደው መድኃኒት ሊመጣና ሊታከም ይችላልና። የአልዛይመር በሽታ ግን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለውም። ሁለተኛም፥ «አባትዎ ከሞቱ ቆይተዋል» እያሉ ከመከራከር ይልቅ «አባትዎ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ፥ እጁንም ይዞ በቀስታ ወደ ቤት መመለስ ይሻላል። ቋንቋውን የሚያውቅ ዘመድም ዘወትር ቢጎበኘው ልቡ ያርፋል። መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ ልጅ አእምሮው የደከመውን አባቱን እንዲታገሥና እንዳይንቀው የመከረው ይህን የመሰለውን ነገር አይቶ ይመስለናል።

እርሱ ስማችንን ቢረሳ፥ እኛ ስሙንና ማዕርጉን ጠብቀን እንጥራው።