አውሮፕላን በራስ እጅ መሥራትና የፋብሪካ እገዛ

ገንዳ ውሃ ላይ ሆኖ ስለ አውሮፕላን መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በእኛ ዲፓርትመንት ትራክተርና የሰሊጥ መውቂያ ሲፈታና ሲገጠም የሚያይ ተማሪ «ይህን ከሠራን አውሮፕላንስ ምን ይከብደናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው እኔንም ስለያዘኝ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪት ምንድን ነው?

ኪት የሚባለው ፋብሪካ ላሜራውን ቆርጦ፣ አጥፎና በስቶ ከመመሪያ ጋር በሣጥን የሚልከው ተገጣጣሚ አውሮፕላን ነው። ገዢው ክንፉን፣ ጅራቱንና ገላውን በሪቬት እያያያዘ ይሠራል። ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ ጎማና የበረራ መለኪያዎች ግን ተሠርተው ያለቁ ሆነው ይገዛሉ። በአሜሪካ ኦሪገን የሚገኘው ቫንስ ኤርክራፍት በ1973 የተመሠረተ ሲሆን ባለቤቶቻቸው ሠርተዋቸው የበረሩት የዚህ ኩባንያ አውሮፕላኖች ከ11,000 በላይ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት እብዶች ሥራ አይደለም ማለት ነው።

የአሜሪካ ሕግ እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አስቀምጧል። አውሮፕላኑ «በአማተር የተሠራ» ተብሎ እንዲመዘገብ ከሥራው አብላጫውን፣ በተለምዶ 51 በመቶ የሚባለውን፣ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው የሠሩ ሰዎች መሥራት አለባቸው። ፋብሪካው ማገዝ ይችላል እንጂ ሠርቶ ማስረከብ አይችልም።

ታዲያ ፋብሪካው ምን ያግዛል?

አንደኛ፣ ልኬት ነው። እኛ ሁለት ላሜራ ስናያይዝ በትራፓኖ የበሳነው ቀዳዳ ትንሽ ቢዛነፍ ቡሎኑን በመዶሻ መትተን እናስገባዋለን። ለበር ወይም ለበርሜል ችግር የለውም። ክንፍ ላይ ግን በግድ የገባ ሪቬት ባለበት ቦታ ጭነቱ ይከማችና ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ፋብሪካው በማሽን የበሳቸው ቀዳዳዎች አንዱ ባንዱ ላይ ልክ ስለሚገጥሙ ክንፉ ሳይጣመም ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ሥልጠና ነው። በሚዙሪ ግዛት ያለው ዜኒዝ ኤርክራፍት ገዢዎች ፋብሪካው ድረስ መጥተው የጅራቱን መሪ፣ ራደር የሚባለውን፣ በሁለት ቀን በእጃቸው ሠርተው ይዘውት እንዲሄዱ ያደርጋል። ሰውየው ቀሪውን ከመግዛቱ በፊት ሥራው ለእሱ መሆን አለመሆኑን ያውቃል።

ሦስተኛ፣ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ መሥራት ነው። ግላስኤር የተባለው ኩባንያ ገዢው ከመካኒኮቹ ጎን ሆኖ እየሠራ በሁለት ሳምንት ውስጥ አውሮፕላኑን በራሱ ሞተር መሬት ላይ እስከ መንዳት የሚያደርስ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር።

አራተኛ፣ የሌላ ሰው ዓይን ነው። የሠራ ሰው የራሱን ግድፈት ቶሎ አያይም። በ1953 የተመሠረተው የአሜሪካ የአማተር ሠሪዎች ማኅበር ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ሠሪው ቤት ድረስ ሄደው ሥራውን እንዲያዩለት ያደርጋል። ከዚያም የመንግሥት ምርመራ አለ። ምርመራውን ያለፈ አውሮፕላን እንኳ በተወሰነ ክልል ውስጥ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት በሙከራ መብረር ይጠበቅበታል።

በአፍሪካም ምሳሌ አለ። በ2019 ሃያ የደቡብ አፍሪካ ታዳጊዎች ስሊንግ 4 የተባለውን አገር በቀል ኪት በሦስት ሳምንት ገጣጥመው ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ የሚደርስ በረራ ተደርጎበታል። በጉዞው ኢትዮጵያም አርፈዋል። ሞተሩንና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎቹን የገጠሙት ግን ባለሙያዎች ናቸው። ልጆቹ የቻሉትን ሠሩ፣ ያልቻሉትን ለሚችል ሰጡ።

ፋብሪካ ሲባል ግን አይሳሳትም ማለት አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ቫንስ በሌዘር የበሳቸው አንዳንድ ክፍሎች ለስንጥቅ የተጋለጡ ሆነው በመገኘታቸው ብዙ ክፍሎችን መተካት ነበረበት፤ በገንዘብ ችግርም ተይዞ በታኅሣሥ 2023 ፍርድ ቤት ቀርቦ የዕዳ ከለላ ጠይቋል። በመሆኑም ሠሪው «ከፋብሪካ የመጣ ነው» ብሎ ዓይኑን መጨፈን የለበትም።

በእኛ አገርስ?

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችውን አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሠርቷል። ጣሊያን ወስዷት በሙዚየም ስትታይ ኖራ በጥር 2024 ወደ አገሯ ተመልሳለች። በ1980ዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ጋር ተስማምቶ አግ-ካት የተባለውን የጸረ ተባይ መርጫ አውሮፕላን «እሸት» በሚል ስም አገር ውስጥ ገጣጥሟል። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ጥጥና ሰሊጥ ለሚዘራበት ለእኛ ቆላ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። በሁለቱም ሥራ ሙያውን የሚያውቅ አካል ከሠራተኞቹ ጎን ነበረ።

አስመላሽ ዘፈሩ ግን ብቻውን ነበር። ይህ ወጣት ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ የቮልስዋገን ሞተር የተገጠመላትን ኬ-570ኤ በ570 ቀናት ሠራ፤ «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ናት። በ2015 ያደረገው ሙከራ በሞተሩ በኩል በገጠመ ብልሽት ተቋረጠ። ይህን የምጽፈው ልጁን ለመተቸት አይደለም፤ እኔ በግሌ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ። የሚያንገበግበኝ እንዲህ ያለ ጥረት የሚያደርግ ሰው ሒሳቡን የሚያይለት ማጣቱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል እንዳልሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 40 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር እዚያ የሚሰጠው ከ31 እምብዛም አይበልጥም። የእኛ ገንዳ ውሃ ዝቅተኛ ቦታ ናት ብለን ደግሞ እንዳንዝናና። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ይደክማል፣ ክንፉም የሚያነሣው ይቀንሳል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ደህና ፋብሪካ ይህን አስቀድሞ በሠንጠረዥ ያቀርባል። ጓሮው ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን የሚያውቀው ሲነሣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሕይወቱ አብሮ ተነሥቷል።

ምን እናድርግ?

ሙሉ ኪት ማስመጣት የውጭ ምንዛሪና ጉምሩክ አለበት፤ ለማብረርም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ግድ ነው። በተለይ እንደ እኛ ባለ የድንበር አካባቢ ያለፈቃድ ልሞክር ማለት በራስ ላይ መፍረድ ነው። ነገር ግን ከዜኒዝ የምንማረው አለ፤ በአንድ ራደር መጀመር ይቻላል። ዲፓርትመንታችን ለመመረቂያ ፕሮጀክት አንድ የጅራት ክፍል በትክክለኛ ልኬት ቢያሠራን፣ ከሙያው ሰዎች አንዱን ጋብዞ ቢያስመረምርልን፣ የተሳሳተውንም ሪቬት አስፈትቶ ቢያስደግመን አውሮፕላን ባይወጣን እንኳ የሚፈተሽ ሥራ መሥራትን እንለምዳለን። ይህ ልማድ ነገ ለምንጠግነው የትራክተር ፍሬንም ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አስተያየት ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ ደስ ይለኛል።