ባትሪ ያለው ማርሽ፦ ተረትና እውነታ ለኪሰንዪ ብስክሌተኞች

ኪሰንዪ የካምፓላ መሐል ሰፈር ናት። የበቆሎ ወፍጮው፣ የብረት በያጁ ብልጭታ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው ጩኸት፣ የሶማሌዎቹ ሱቆች፣ በመካከላቸውም ኑሮውን እዚህ የመሠረተ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ። በዚህ ግርግር ውስጥ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ አይደለም፤ ማቶኬ፣ ከሰልና የውሃ ጀሪካን የሚሸከም ሠራተኛ ነው። ጭነት የሚያነሱት አብዛኞቹ ከህንድ የመጡ፣ ማርሽ የሌላቸው፣ ከባዶቹ ሄሮና መሰሎቹ ናቸው። ከልባሽ ዕቃ ጋር ከጃፓንና ከአውሮፓ የሚገቡት ግን ማርሽ አላቸው። ከማርሹ ጋር ወሬውም ይገባል።

በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ 3 ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ ሐበሻው ሁሉ ደስ አለው። በ2025 መስከረም የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ ጎረቤታችን ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ሻምፒዮኖቹ የሚነዱት ብስክሌት ማርሹን በባትሪ የሚቀይር ስለሆነ፣ ስለዚህ ዕቃ የሚወራው ከሚታወቀው በለጠ። የተሳሳተ ወሬ ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። ደህናውን ማርሽ አውልቆ የሚጥል አለ፤ የማይጠገነውን የሚገዛም አለ። ስለዚህ የምሰማቸውን ወሬዎች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ «ባትሪ ያለው ማርሽ ብስክሌቱን ይገፋል»

አይገፋም። ይህ ወሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ሞተር ያለው ብስክሌት ጎማውን በኤሌክትሪክ ኃይል ያሽከረክራል። ኤሌክትሮኒክ ማርሽ ግን ጎማውን አይነካም። መሪው ላይ ያለው ቁልፍ ሲጫን ምልክት ይላካል፤ ከኋላ ጎማ አጠገብ በተንጠለጠለው ማርሽ ቀያሪ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ቀያሪውን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ታንቀሳቅሰዋለች፤ ካቴናው ወደሚቀጥለው ጥርስ ይሻገራል። የሞተሯ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ዳገቱን የሚወጣው የሰው እግር ነው።

የዓለም ብስክሌት ኅብረትም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያየው። ኤሌክትሮኒክ ማርሽ የተፈቀደ ነው። የተደበቀ ሞተር ግን በጥር 2016 ቤልጂየም፣ ዞልደር ላይ በተካሄደው የሳይክሎክሮስ ሻምፒዮና በፌምኬ ቫን ደን ድሪሼ ብስክሌት ውስጥ ሲገኝ የ6 ዓመት እገዳ አስከትሏል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? በሽቦ የሚሠራው ማርሽ በእያንዳንዱ ጠቅታ የተወሰነ ርዝመት ያለው ሽቦ ይስባል፤ ስፕሪንግ መልሶ ይጎትተዋል። ሽቦው ሲላላ፣ ሲዝግ ወይም ሽፋኑ ውስጥ አቧራ ሲገባ ልኩ ይዛባና ማርሹ ይዘላል። ኤሌክትሮኒኩ ይህን ልክ አይስትም፤ ጣት ቢደክምም በአንድ ንክኪ ይቀየራል። በ5 እና በ6 ሰዓት ውድድር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካቴናው ግን ያው ካቴና ነው። የወፍጮው ዱቄትና የካምፓላ ቀይ አቧራ ዘይት ላይ ተለጥፈው ሲበሉት ባትሪ አያድነውም።

ተረት፦ «ባትሪው ካለቀ መንገድ ላይ ቀረህ»

ባትሪው ሲያልቅ የሚቆመው መቀየሩ ነው፤ መሄዱ አይደለም። የጃፓኑ ሺማኖ ዲአይቱ የተባለው ኤሌክትሮኒክ ማርሽ ባትሪው ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ የፊት ማርሽ ቀያሪው ይቆማል፣ ቀጥሎ የኋላው፤ ከዚያ ባለበት ጥርስ ላይ እንደ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ይነዳል። አንድ ሙሉ ሙሌት ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። በአሜሪካው ስራም ደግሞ የፊቱና የኋላው ቀያሪ ባትሪ አንድ ዓይነት ስለሆነ የኋላው ሲያልቅ የፊቱን ነቅሎ መተካት ይቻላል። የጣልያኑ ካምፓኞሎ የ2023 ሽቦ አልባ ማርሽ ግን የፊቱና የኋላው ባትሪ የተለያየ ነው፤ ለገጠር መንገድ አይመቸኝም የምልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እውነተኛው ስጋት ሌላ ነው። ልባሽ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ያለ ቻርጀሩ ይመጣል፤ ቻርጀሩ ደግሞ ከኩባንያ ኩባንያ፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

ተረት፦ «ሺማኖ ፈጠረው፣ ሌሎቹ ኮረጁ»

የማርሽ ታሪክ የአንድ ኩባንያ ታሪክ አይደለም፤ መናናቅም መኮራረጅም፣ ፍርድ ቤትም ያለበት ፉክክር ነው።

ሺማኖ በ1921 ጃፓን፣ ሳካይ ከተማ ተመሠረተ፤ የጀመረውም የኋላ ጎማ ፍሪ ዊል በመሥራት ነው። ካምፓኞሎ በ1933 ጣልያን፣ ቪቼንሳ ውስጥ በቱሊዮ ካምፓኞሎ ተቋቋመ፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የውድድር ብስክሌት ማለት ካምፓኞሎ ማለት ነበር። ገረመው ደንቦባ በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲወዳደር ጠቅታ የሚባል ነገር አልነበረም። የዚያ ዘመን ጋላቢ እጁን ከመሪው አንሥቶ የብስክሌቱ አካል ላይ ያለችውን ምላስ ይገፋና ካቴናው ጥርሱ ላይ መቀመጡን በጆሮውና በእግሩ ያውቅ ነበር።

ጠቅታውን ለዓለም ያስለመደው ሺማኖ ነው፣ በ1984። ነገር ግን ለዚያ የረዳው የቀያሪው ዘንበል ያለ ቅርጽ የሌላ ጃፓናዊ ኩባንያ፣ የሱንቱር ፈጠራ ነበር። ሱንቱር በ1964 አውጥቶት የባለቤትነት መብቱ በ1984 አበቃ፤ ሺማኖ በዚያው ዓመት ወስዶ ከራሱ ጠቅታ ጋር አዋሃደው። ልዩነቱን ያመጣው መቀየሪያውን፣ ሽቦውን፣ ካቴናውንና ጥርሱን አንድ ላይ እንዲሠሩ አድርጎ መሸጡ ነው። ሱንቱር ከዚያ በኋላ አላገገመም።

አንድ ላይ የመሸጥ ስልቱ ግን ጠብም አመጣ። ስራም በ1987 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመ፣ በእጅ የሚጠመዘዝ ማርሽ መቀየሪያ ይዞ የመጣ ትንሽ ድርጅት ነበር። ሺማኖ ሙሉ ዕቃውን ከእሱ ብቻ ለሚገዙ የብስክሌት አምራቾች የ10 በመቶ ያህል ቅናሽ ስለሚያደርግ ማንም ሌላ ዕቃ ሊገዛ አልቻለም ብሎ ስራም በ1990 ከሰሰው። ነገሩ በ1991 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ያ ትንሽ ድርጅት ዛሬ የሺማኖ ዋና ተፎካካሪ ነው።

ወደ ባትሪው ስንመጣ ደግሞ ቀዳሚው ፈረንሳዊው ማቪክ ነው። ዛፕ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ማርሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አወጣ፤ በታላላቅ ውድድሮችም ታይቷል። ዝናብና እርጥበት አልቻለም። በ1999 ሜክትሮኒክ የተባለ ሽቦ አልባ አወጣ፤ እሱም ገበያ አልያዘም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ጊዜው አልደረሰም። ሺማኖ ዲአይቱን ገበያ ላይ ያዋለው በ2009፣ ካምፓኞሎ ኢፒኤስን ያስተዋወቀው በ2011፣ ስራም ኢታፕ የተባለውን ሙሉ በሙሉ ሽቦ አልባ ማርሽ ይፋ ያደረገው በ2015 ነው።

ከሦስቱ ማን ይሻላል ለሚለው የውድድር ውጤት አንድ ስም አይሰጥም። ታዴይ ፖጋቻር በ2020 እና በ2021 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በካምፓኞሎ ነው። ዮናስ ቪንጌጎ በ2022 በሺማኖ አሸነፈ፤ ቡድኑ ዕቃ ቀይሮ በ2023 በስራም ደገመው። ያ ሁሉ ድል የነበረው ካምፓኞሎ ግን በ2024 አንድም የአንደኛ ደረጃ ቡድን አልነበረውም። ጥራቱ ወርዶ አይደለም። ቡድኖች የሚከተሉት ስፖንሰርንና የዕቃ አቅርቦትን ነው፤ በዚያ ላይ የ2023ቱ ሽቦ አልባ ስብስብ ሲወጣ ዋጋው ወደ 5,200 ዩሮ ነበር። በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ሲሰለፍም ሆነ ቢንያም ሲያሸንፍ ማርሹን የመረጠው ጋላቢው ሳይሆን ከአምራቹ ጋር የተዋዋለው ቡድን ነው። ስለዚህ «እገሌ ይህን ስለነዳ ይህ ይሻላል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ አትቀበሉት።

ተረት፦ «ሺማኖ የተጻፈበት ብስክሌት ኦሪጅናል ነው»

ሺማኖ ብስክሌት አይሠራም። የሚሠራው ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፔዳልና መሰል ክፍሎችን ነው፤ ብስክሌቱን ሌላ ፋብሪካ ይገጣጥመዋል። የሺማኖም ዕቃ ቱርኒ ከተባለው ርካሹ እስከ ዱራ ኤስ ድረስ ደረጃ አለው። መሪው ላይ ስሙን አይቶ ዋጋ መጨመር የዋህነት ነው፤ የደረጃውን ስም ቀያሪው ላይ አንብቡ። የኋላ ቀያሪው ብቻ ሺማኖ ሆኖ ቀሪው ስም የለሽ የሆነ ብስክሌትም ሞልቷል።

ተረት፦ «ማርሽ ማርሽ ነው፤ ሁሉም ይገጥማል»

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስከፍለው ይህ ነው። የካቴናው ፒን ከፒን ርቀት በሁሉም ዘንድ ግማሽ ኢንች ነው፤ የአብዛኛው ፔዳል ጥርስም አንድ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን በፉክክሩ ምክንያት ተበጣጥሷል። የስራም መቀየሪያ በአንድ ጠቅታ የሚስበው የሽቦ ርዝመት ከሺማኖው ይለያል፤ ሁለቱን አደባልቆ የገጠመ ሰው ማርሹ በየጥርሱ መሐል እየቆመ ያስቸግረዋል። የኋላ ጥርሶቹ የሚገቡበት የጎማው እምብርት ቅርጽም በሺማኖ፣ በስራምና በካምፓኞሎ ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ላይ ይብሳል፤ የአንዱ መቀየሪያ ለሌላው ቀያሪ ምልክት አይልክም፤ ቋንቋቸው ለየብቻ ነው። አንድ ክፍል ሲሰበር ከሌላ ብስክሌት ነቅሎ መተካት ለለመደ ፉንዲ (ጠጋኝ) ይህ ከባድ እንቅፋት ነው፤ እኔም በፉንዲው አልፈርድም። ጥፋተኛው እንዳይገጣጠም አድርጎ የሠራው ኩባንያ ነው።

ተረት፦ «ሽቦ አልባውን ማንም በስልኩ ይጠልፈዋል»

ከሌሎቹ ይልቅ ይህኛው እውነት የቀላቀለ ነው። በነሐሴ 2024 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ እና የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሺማኖን ሽቦ አልባ ምልክት በሬዲዮ መሣሪያ ቀድተው መልሰው በመላክ እስከ 10 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ማርሹን መቀየር መቻላቸውን አሳዩ። ይህን ለማድረግ ግን የዚያኑ ብስክሌት ምልክት አስቀድሞ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ተራ ስልክም አይበቃም። ሺማኖ ክፍተቱን የሚዘጋ የሶፍትዌር ማሻሻያ አዘጋጅቷል። ለውድድር ቡድን ይህ አሳሳቢ ነው። ወደ ኦዊኖ ገበያ ጭነት ለሚያደርስ ሰው አይደለም።

ተረት፦ «የሽቦ ማርሽ ዘመኑ አልፏል»

ይህን የሚናገረው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሰው ነው። ሺማኖ በ2021 ዱራ ኤስን በኤሌክትሮኒክ ብቻ ሲያወጣ፣ በ2022 ደግሞ መካከለኛውን 105 በኤሌክትሮኒክ ሲከተል ሽቦው ያበቃለት መስሎ ነበር። ነገር ግን በ2023 እዚያው 105 ላይ ባለ 12 ጥርስ የሽቦ ማርሽ ተመልሶ መጣ። ርካሾቹን ደረጃዎች የሚተካው ኪዩስ የተባለው ምርትም በአብዛኛው በሽቦ የሚሠራ ነው፤ ጥርሶቹ የተሠሩትም ረዘም ላለ ዕድሜ ታስበው ነው። ካምፓኞሎ እንኳ በ2020 ለጠጠር መንገድ ያወጣው ባለ 13 ጥርስ ኤካር በሽቦ ይሠራል።

ኪሰንዪ ውስጥ ማርሹ የተበላሸ ብስክሌት ሲመጣ ቀያሪውን ነቅሎ፣ ካቴናውን አሳጥሮ በአንድ ጥርስ ማስኬድ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ሽቦው ደርቆ ወይም ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ብረት ጎብጦ ነው። ብስክሌቱን ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ቀያሪው ከጥርሶቹ ጋር ቀጥ ብሎ ካልወረደ ብረቱ ተጣሟል፤ በጥንቃቄ ይቃናል። ማርሹ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ሽቦው ቀያሪው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ያለችውን በጣት የምትዞር ብሎን ግማሽ ዙር፣ ከዚያም ሩብ ዙር እያደረጋችሁ ሞክሩ። አዲስ ሽቦ ከነሽፋኑ ርካሽ ነው።

ካቴናውን በብረት ማስመሪያ ለኩት። ከአንዱ ፒን መሐል ጀምሮ፣ መነሻውን ሳትቆጥሩ፣ 24ኛው ፒን መሐል በትክክል 12 ኢንች ላይ ማረፍ አለበት። በ1.5 ሚሊሜትር ካለፈ ካቴናውን ቀይሩ። በ3 ሚሊሜትር ካለፈ ጥርሶቹም ተበልተዋል፤ አዲስ ካቴና ብቻውን ይንሸራተታል፣ ሁለቱም አብረው መቀየር አለባቸው።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ለውድድር ለሚዘጋጅ ወጣት፣ ድጋፍ ያለው ቡድን ካለው፣ ኤሌክትሮኒኩ ዋጋውን ያወጣል። በኪሰንዪ ለሚሠራና ለሚጭን ሰው ግን ባለ 7 ወይም ባለ 8 ጥርስ የሽቦ ማርሽ ይሻላል፤ በአንድ መፍቻና በአንድ ፒንሳ ይጠገናል። ባትሪ ያለው ልባሽ ብስክሌት አግኝታችሁ መግዛት ከፈለጋችሁም ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቻርጀሩ አብሮ አለ ወይ፣ ባትሪው ተሞልቶ ማርሹ ከላይ እስከ ታች ዓይናችሁ እያየ ይቀየራል ወይ፣ ከዚህ በፊት የተተካ ክፍል ካለስ ከዚያው ኩባንያና ከዚያው ሞዴል ነው ወይ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አትግዙት።