ውጅግራ ሰብል ያድናልን?

መርጡለ ማርያም በአማራ ክልል በምሥራቅ ጎጃም ዞን የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ የሚገኝባት በመሆኗ ስሟ ከአገር ውጭም የታወቀ ነው። መሬቱ በአንድ ወገን ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ ደጋ ሲሆን፣ በሌላው ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ገደልና ቆላ ነው። ደጋው ገብስና ስንዴ፣ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ቆላው ማሽላና በቆሎ ያበቅላል።

በገደሉ አፋፍና በቁልቁለቱ የሚያርሰው ገበሬ ከዝናብ መዛባትና ከአፈር መሸርሸር ሌላ አንድ የቆየ ባላጋራ አለበት። ይኸውም ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ከርከሮና ጃርት ነው። ዝንጀሮ ከገደል ወጥቶ በቀን ይዘርፋል፤ ከርከሮና ጃርት ደግሞ ጨለማን ተገን አድርገው ይገባሉ። በቆሎ እሸት ሲይዝ፣ ማሽላ ሲያሸት፣ ለአንድ ግማሽ ቀን ጠባቂ ያጣ ማሳ የዓመት ቀለብ የነበረው ወደ አገዳ ክምር ይለወጣል። በዚህን ጊዜ የብዙ አባወራ ዓይን ከቤቱ ግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው አሮጌ ጠብመንጃ መሄዱ የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይህ አሮጌ ጠብመንጃ በእርግጥ ሰብል ያድናል ወይ የሚል ነው።

ስማቸው ከየት መጣ?

ቀድሞ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ይባል በነበረው አገር ጠብመንጃ የቤት ዕቃ ብቻ አይደለም። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ውርስ፣ የወንድነት ምልክት፣ በሠርግና በለቅሶ የሚታይ ክብር ሆኖ ኖሯል። ገበሬው ለእያንዳንዱ ዓይነት ያወጣለት ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። ሰናድር የሚባለው የእንግሊዙ ስናይደር ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲመጣ ይዞት የመጣው ይህንኑ ነበር። መስኮብ ከሞስኮብ አገር፣ ማለት ከሩሲያ የመጣው ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር፣ ቤልጅግ ደግሞ የቤልጅግ ሥራ የሆነው ማውዘር ነው።

ከሁሉም ይበልጥ በየጎጆው የታወቀው ውጅግራ ሲሆን፣ ስሙ የመጣው ፈረንሳዮች ጠብመንጃውን «ፉዚ ግራ» ብለው ከሚጠሩበት አነጋገር ነው። ግራ ጠብመንጃውን የነደፈው መኮንን ስም ነው። ጠብመንጃው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ለፈረንሳይ ሠራዊት ተሰጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1886፣ ለበል የተባለው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጠብመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ ሲወጣ፣ ውጅግራ ባንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። ከዚያ በኋላ እጅግ ብዙው ወደ ሌሎች አገሮች ተሸጠ። ወደ ኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ገብቶ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ላይ ከሌሎች ጠብመንጃዎች ጋር ተሰልፏል። በግሪክ አገርም ይኸው ጠብመንጃ ከመለመዱ የተነሣ «ግራ» የሚለው ቃል የማንኛውም ጠብመንጃ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

ጥይቱም ቢሆን ከመተኮስ ሌላ አገልግሎት ነበረው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ ላይ የመመንዘሪያ ገንዘብ ሆኖ ይሠራ ነበር። አንዲት ጥይት ማባከን ገንዘብ መበተን ነበር ማለት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን በበላይ ዘለቀ መሪነት በቢቸና በኩል የተዋጋው አርበኛ ከእነዚሁ አሮጌ ጠብመንጃዎችና ከጠላት ከማረካቸው ጋር ነበር የዋለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የሞጣና የቢቸና ገበሬ ሲያምፅ፣ በአንድ ወገን አሮጌ ጠብመንጃ፣ በሌላው ወገን የጦር አውሮፕላን ተሰልፎ ታየ። ስለዚህ ጠብመንጃውን ገበሬው ለምን እንደሚወደው ለመረዳት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ለነፃነት የዋለ መሣሪያ ለእርሻ ጥበቃ ይሆናል ማለት አይደለም።

አሠራሩና ችግሩ

የውጅግራ ጥይት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አረሩ 25 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ ነው። በናስ ቀለህ ውስጥ የሚታሸገው ጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና ከናይትሬት ጨው የተቀመመ በመሆኑ ሲተኮስ ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል፤ አፈሙዙንም በጥላሸት ያቆሽሻል። ይህ ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ ወዲያው በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልተቀባ ብረቱን ይበላዋል። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሲበላ የኖረ አፈሙዝ ምን ያህል ጥንካሬ እንደቀረው በዓይን አይቶ መናገር አይቻልም።

ዋናው ችግር ግን ጥይቱ ነው። ይህን ጥይት ለሠራዊት የሚያመርት ፋብሪካ ከጠፋ ብዙ ዘመን አልፏል። በመሆኑም ሰው የተተኮሰ ቀለህ እየለቀመ፣ እርሳስ እያቀለጠና ያገኘውን ባሩድ እየሞላ መጠቀም ልማዱ ሆኖ ቆየ። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው። ጭስ አልባው የአዲስ ጥይት ባሩድ ከጥቁሩ ባሩድ ይልቅ እጅግ የበረታ ግፊት አለው። ለጥቁር ባሩድ ተብሎ በተሠራ ጠብመንጃ ውስጥ ቢገባ ብረቱ ሊፈነዳና የተኳሹን እጅና ዓይን ሊወስድ ይችላል። ደጋግሞ የተሞላ ቀለህም ይሰነጠቅና እሳቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይተፋል። ከሚበላው እሸት ይልቅ የሚጠፋው ዓይን የቤቱን ኑሮ የባሰ እንደሚጎዳ ማንም አይስተውም።

በሌላ በኩል የእርሳሱ ጉዞ መታሰብ አለበት። ይህ አረር ዝንጀሮውን ቢስት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። የዓባይ ዳር አገር ደግሞ ገደል ለገደል የተያየ ነው። በወዲህኛው አፋፍ የተተኮሰው በወዲያኛው አፋፍ እረኛ፣ ውሃ ቀጂ ወይም ከብት ላይ ያርፍ ይሆናል። ያለ ሐሳብ ከተተኮሰች አንዲት ጥይት የተነሣ የሁለት ዘመድ ቤት ለደም የሚፈላለግበት አገር ስለሆነ፣ ነገሩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

የነብሩ ገዳይ የዝንጀሮ ባለውለታ

በቀድሞ ዘመን አደን በደጋውም ሆነ በቆላው የጀግና መለኪያ ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም ነብር የጣለ ሰው ይፎክራል፤ ይሸለማል። ድኩላና ሚዳቋ ለሥጋ ይታደናሉ፤ ከርከሮና ዝንጀሮ ግን በሃይማኖት ሥርዓት ስለማይበሉ ቢገደሉም ለምንም አይውሉም። ለቆቅና ለጅግራም ውጅግራ የሚመጥን መሣሪያ አይደለም፤ 25 ግራም እርሳስ ያገኛት ቆቅ ከላባዋ በስተቀር ለወጥ የሚሆን ነገር አይተርፋትም።

በዚህ አደን ውስጥ ገበሬው ሳያስበው የደረሰበት ኪሳራ አለ። ነብር ዝንጀሮን፣ ጦጣንና የከርከሮን ግልገል የሚበላ አውሬ ነው። ነብሩ ለቆዳው ሲባል በተገደለ ቁጥር ዝንጀሮ ከሚፈራው ጠባቂ ይገላገላል። በምዕራብ አፍሪካ በጋና አገር የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። አንበሳና ነብር በጠፉበት አካባቢ የዝንጀሮ መንጋ በዝቶ የሰብል ዝርፊያው ባሰ፤ ሕፃናትም ከትምህርት ቤት ቀርተው ማሳ ጠባቂ እስከ መሆን ደረሱ። ነብር የጣለ ጀግና ለዝንጀሮ ውለታ መዋሉን ይህ ያስረዳል። ነብር ፍየልና ጥጃ መውሰዱ አይካድም፤ ለዚህ ግን ከብቱን ማታ ማታ በጠንካራ በረት ማሳደርና ውሻ ማኖር ይረዳል።

ዝንጀሮውን በጥይት መጨረስም አይሆንም። ዝንጀሮ ብልህ እንስሳ ነው። ጠብመንጃ የያዘውን ካልያዘው፣ ጎልማሳውን ከሕፃኑ ይለያል። አንድ ጊዜ ሲተኮስበት ይሸሻል፤ ተኳሹ ለምሳ ወደ ቤቱ ሲገባ ይመለሳል። የአንዱን ጥይት ዋጋና በአንዱ ተኩስ የዳነውን በቆሎ ዋጋ ያመዛዘነ ገበሬ ሒሳቡ እንደማያዋጣው ለመገንዘብ ጊዜ አይወስድበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ተላላፊውንም ያስቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ጦር መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። ከአያት የተወረሰ መሆኑ ብቻ ፈቃድ አይሆንም። በሌሎች አገሮች በአሮጌ ጠብመንጃ ማደን የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ለጥቁር ባሩድ አደን ብቻ የተለየ ወቅት ይመደባል። እነዚህም ሰዎች ቢሆኑ ፈቃድ አውጥተው፣ የእንስሳው ቁጥር ተወስኖላቸው፣ ለጠብመንጃው ተብሎ በተዘጋጀ ጥይት የሚያድኑ ናቸው እንጂ እንደ ፈለጉ የሚተኩሱ አይደሉም።

ከዚህም ሌላ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልሉ ከተነሣው የትጥቅ ግጭት ወዲህ ጠብመንጃ ይዞ በማሳ ዳር መታየት የነፍስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ዝንጀሮ ሊያባርር የወጣ ገበሬ በሩቅ ለሚያየው ሰው ምን መስሎ እንደሚታይ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ታዲያ ሰብሉ እንዴት ይጠበቅ?

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥበቃው የሚጀመረው ከዘር ወቅት ነው። ከገደሉና ከጫካው ጋር በሚዋሰነው ማሳ ላይ በቆሎና ማሽላ ባይዘራ ይመረጣል። በዚያ በኩል ዝንጀሮ ብዙም የማይመኛቸውን እንደ ኑግና በርበሬ ያሉትን መዝራት፣ በቆሎውንም ወደ መንደር ማስጠጋት ይበጃል። በማሳውና በቁጥቋጦው መካከል ያለው ሥፍራ ተመንጥሮ ገላጣ ቢሆን ዘራፊው ሳይታይ አይደርስም። ሲመነጠር ግን በዳገቱ ላይ አፈር የሚይዘው ዛፍና ሥር እንዳይነካ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ኅብረት ነው። ጎረቤታሞች ባንድ ወቅት ቢዘሩና ባንድ ወቅት ቢያጭዱ ጉዳቱ በአንድ ሰው ማሳ ላይ አይወድቅም። ብቻውን ቀድሞ የዘራ ወይም ብቻውን የዘገየ የመንጋው ሁሉ ማረፊያ ይሆናል። ጥበቃውንም በወንፈል ማድረግ ይቻላል። በየአቅጣጫው ማማ ሠርቶ በተራ መጠበቅ፣ አንዱ ሲጮህ ሌላው በጅራፍና በወንጭፍ መቀበል፣ ከውሻ ጋር መዞር ለብዙ ዘመን የተፈተነ ዘዴ ነው። ማስፈራሪያ የሚቆምም ከሆነ ቦታውና ልብሱ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ዝንጀሮ ይለምደዋል። ተራው ለጎልማሶች ሲደለደል ሕፃናት ከትምህርት ገበታቸው አይቀሩም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ቄሮ በተባለው የጋራ ሥርዓት እንጂ በየግሉ በመሮጥ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።

ሦስተኛው ስለ ጃርትና ስለ ከርከሮ ነው። እነዚህ በሌሊት ስለሚገቡ በማሳው ዙሪያ የድንጋይ ካብ ወይም ጥልቅ ቦይ ቢበጅ ይከለክላቸዋል። የድንጋዩ ካብ በዳገት ላይ ሲሆን አፈሩንም ይዞ ያስቀራል፤ ስለዚህ አንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል።

ጠብመንጃው በቤት ላለ ሰው

ባለ ፈቃድም ቢሆን አሮጌ ጠብመንጃ በቤቱ ያለ ሰው ጥቂት ነገሮችን ቢያስተውል ይጠቀማል። በእጅ የተሞላ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥይት አይተኩስ። የጥይቱ ስፋት ከአፈሙዙ ጋር ስለገጠመ ብቻ ለዚያ ጠብመንጃ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዘ ጥቂት ይታገሥ። ባሩድ ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ እርሳስም የምግብ ማብሰያ በሆነ ዕቃ ፈጽሞ አይቅለጥ፤ እርሳስ መርዝ ነውና። ጠብመንጃውና ጥይቱ ተለያይተው፣ ተቆልፎባቸው፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ። ለደስታ ተብሎ በሠርግ ላይ መተኮስም ደስታውን ወደ ሐዘን ሊለውጥ እንደሚችል አይዘንጋ።

ውጅግራ በአገሩ ታሪክ ውስጥ የሠራው ሥራ አለ፤ ያንን ማንም አይወስድበትም። ክብሩ እንዲጠበቅ የሚፈልግ ቤተሰብ የማን እንደነበረና በየትኛው ጦር ላይ እንደዋለ ጽፎ ለልጆቹ ቢያቆይ መልካም ነው። የበቆሎውን እሸት የሚያድነው ግን ተራ ጠባቂው ጎረቤት፣ የተመነጠረው ድንበርና የድንጋዩ ካብ ናቸው። ይህም ሥራ የሚጀመረው ዝንጀሮው እሸቱ ላይ ከወጣ በኋላ ሳይሆን በበጋ፣ ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር በዘር ቦታና በጥበቃ ተራ ላይ ሲስማማ ነው።